ሁለት ካሬ ሪፐብሊክ

የቴሌግራም ግሩፓችን ሲከፈት የነበረው ሕግ አንድ ነው፦ ፖለቲካ ክልክል ነው። ስለ ፊልም ይወራል፣ ስለ ጌም ይወራል፣ አርሰናልን መስደብ ይቻላል (ይበረታታልም)፤ የአገር ጉዳይ ግን አይነሳም። ሕጉን ያወጣነው ፈርተን ብቻ አይደለም። አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጡ አድገው በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ የተነሳ ሰላምታ ያቋረጡ ሰዎች በሁላችንም ቤት ስለነበሩ ነው። የበዓል ምሳ ላይ ዜና ሲጀምር አንዱ ተነስቶ ቻናል የሚቀይርበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ፊልም እናውራ ተባለ፣ ጌም እናውራ ተባለ። ከዚያ ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ ባልተስማማንበት ሁኔታ አገር መሠረትን።

አብዛኞቻችን የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። አዲስ አበባ የቀረነው ጥቂት ነን። አንዱ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ አንዷ ሚኒያፖሊስ ነርስ ናት፤ አንዱ ደግሞ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እስራኤል ሄዶ ቴል አቪቭ አቅራቢያ የሚኖር የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ የአንዱ ጓደኛችን አጎት። ጋሼ እንላቸዋለን። ግሩፑ ውስጥ የገቡት ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው ፍለጋ ነበር፤ ያገኙት ግን ቀኑን ሙሉ ስቲከር የሚወራወር መንጋ ነው። ሆኖም አልወጡም።

ፊልም የተማርነው ቪዲዮ ቤት ነው። ለሁለት ሰው የተሠራ፣ አምስት ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ፤ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፤ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ጎረምሳ፤ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። እዚያ ቤት የማይጣስ ሕግ ቢኖር አክተሩ አይሞትም የሚለው ነበር። ከሞተ ገንዘቤ ይመለስ የሚል አይጠፋም። የዱባዩ ጓደኛችን ዛሬም ፊልም ስትጠቁመው የመጀመሪያ ጥያቄው «አክተሩ ይተርፋል?» ነው።

የፊልም አገሮች ወሬያችን ውስጥ የገቡት በዋካንዳ በኩል ነው። «ብላክ ፓንተር» እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ያላየው አልነበረም፤ እኛ ግን ከታሪኩ ይልቅ ካርታው ላይ ተጣበቅን። በማርቭል ፊልሞች ካርታ ዋካንዳ የተቀመጠችው ቱርካና ሐይቅ አካባቢ ነው። ጎረቤታችን ናት ማለት ነው፤ ምናልባትም ድንበር ላይ ከብት እንዘራረፋለን። ከምክር ቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ሸክላም ከሱርማና ከሙርሲ የተቀዳ ነው፤ የፊልሙን አልባሳት ያዘጋጀችው ሩት ካርተር በሥራዋ በ2019 ኦስካር ወስዳለች። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ምሽት ሙሉ ስንጨቃጨቅ የሚኒያፖሊሷ ጓደኛችን ከሥራ ወጥታ ገባችና እንዲህ ጻፈች፦

«ቆይ ግን፣ ዋካንዳ ውስጥ መታወቂያ የሚያድሰው ማነው?»

ተሳቀ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልም ሳይ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ፊልም አገር ሲፈጥር ንጉሥ አለ፣ ሠራዊት አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ዙፋን የሚመኝ ዘመድ አለ። ቀበሌ የለም። ማኅተም የያዘችው ሠራተኛ ምሳ ወጥታ ሰልፍ የሚጠብቅ ሰው የለም። በ1988 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤዲ መርፊ ፊልም ውስጥ የዛሙንዳው ልዑል በሄደበት ሁሉ የጽጌረዳ አበባ የሚበትኑለት ሴቶች አሉ፤ አበባውን የሚጠርገውን ሰው ግን አናየውም።

ጌም በዚህ ረገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ጌም ውስጥ ቢያንስ እህል ያልቃል፣ ሕዝብ ያጉረመርማል፣ የጀመርከው ግንብ ሳያልቅ ጎረቤትህ ይወርሃል። ግንቦት 2012 ዓ.ም. ላይ፣ ኮሮና ሁላችንንም ቤት ባስቀመጠበት ወር፣ «ሲቪላይዜሽን» የሚባለው አገር የመገንባት ጌም፣ ስድስተኛው፣ ኤፒክ በሚባለው የኢንተርኔት መደብር ለአንድ ሳምንት በነፃ ተለቀቀ። ከሰው ላፕቶፕ በፍላሽ እየገለበጠ ያደገ ትውልድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጋዊ ባለቤት ሆነ። ማታ ዳውንሎድ አስጀምሮ መተኛት፣ ጠዋት ተነስቶ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ማየት፣ እንደገና ማስጀመር።

የሰፈራችን ልብ የነበረው ግን የቀደመው፣ አምስተኛው ነው። ኢትዮጵያ የገባችበት በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ማስፋፊያ (የጌሙ ተጨማሪ ክፍል) ሲሆን መሪዋ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የሚያነጋግሩህም በአማርኛ ነው። ከኮምፒውተር ውስጥ እንግሊዝኛና የጥይት ድምፅ ብቻ ሲሰማ ለኖረ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጎረምሶች ላፕቶፑን ከበው «እስቲ ድገመው፣ እስቲ ጦርነት አውጅባቸውና ምን እንደሚሉ እንስማ» ይሉ ነበር።

ለኢትዮጵያ የተሰጠው ልዩ ጉልበት የዓድዋ መንፈስ ይባላል፦ ከአንተ የበለጠ ከተማ ያለው አገር ጦር ሲገጥምህ ወታደርህ 20 በመቶ ይበረታል። ይህን ጉልበት ደጋግሞ የተጫወተበት ሰው ያውቀዋል። የሚሠራው ያነስክ እንደሆነ ብቻ ነው። ከተማ ጨመርክ፣ ከጎረቤትህ እኩል ሆንክ፣ ጉልበቱ ሄደ። በትልቅነትና በዓድዋ መካከል ምረጥ ተብለሃል። የጌሙ ሠሪዎች ይህን ሲያወጡ ያሳሰባቸው የጨዋታው ሚዛን ይሆናል፤ እኛ ግን ስንት ሌሊት ተከራከርንበት። የቴል አቪቩ በሦስት ከተማ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ እየመለሰ ይኖራል፤ እንደ ገዳም ነው የሚጫወተው። የዱባዩ ደግሞ ጉልበቱ ቢቀርም ይቅር ብሎ ወደ ባሕር ይስፋፋል።

ባሕር! የትኛውም ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ካርታ ሲገለጥለት መጀመሪያ ዓይኑ የሚሄደው ባሕሩ ወዳለበት ነው። «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ» የሚባለው ጌም፣ አራተኛው፣ የሚጀምረው በ1444 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ ያሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። አንዱ ልጅ ስክሪንሾት ሲልክ ጋሼ አዩና «ዘርዓ ያዕቆብን የምታዘው አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ ጋሼ።» «ምን አዘዝካቸው?» «ቀይ ባሕር ላይ መርከብ እንዲሠሩ።» ጋሼ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «በርታ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ጠፋ። የዚያን ሰሞን ሐዘን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዚህ አልገባበትም። ለሦስት ሳምንት ገደማ አገር ውስጥ ያለነው ከግሩፑ ተቆረጥን። እኛ አዲስ አበባ የቀረነው አንዱ ጓደኛችን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ እየተሰበሰብን ከጋሼ ጋር ሰንጠረዥ እንጫወት ጀመር። በአበሻ ሰንጠረዥ አጀማመር ላይ ተራ መጠባበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እንደፈለገው እያነሳ ያሰልፋል፣ እጅ ከእጅ እየተጋጨ። ወረራ ይሉታል። ለዘመናዊ ቼዝ ለለመደ ሰው ትርምስ ነው። ጋሼ ሁልጊዜ ያሸንፉናል፤ ዓይናቸው ከራሳቸው ጠጠር ይልቅ የእኛ እጅ ላይ ነው።

ሰገነቷ ሁለት ካሬ ብትሆን ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ አላት፣ በአንዱ ጥግ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረውባታል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ የቤቱ ባለቤት ጫማውን ሳያወልቅ የገባውን ሰው «ይሄ ሉዓላዊ መሬት ነው» አለው። የእኛ ወገን አገሪቱ የተመሠረተችው ያን ጊዜ ነው ይላል።

ኢንተርኔት ሲመለስ ግን ግሩፑ ውስጥ ሌላ መንግሥት አገኘን። ውጭ ያሉት እኛን ሲያጡ እርስ በርስ ማውራት ቀጥለው ኖሮ፣ የሚያነቡት ዜና ሲከብዳቸው ወደ ቀልድ ዞረው፣ የስደት መንግሥት አቋቁመው፣ ሚኒስቴር ተከፋፍለው ጠበቁን። የዱባዩ ራሱን ፕሬዚዳንት አድርጓል። እስከ ዛሬ ሁለት የምሥረታ ቀን እናከብራለን፤ አንደኛው ወገን የሌላውን በዓል አይገኝም። ታሪክ ጸሐፊዎች ቢኖሩን ደግሞ ይብስብን ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 16 ቀን፣ ለስድስተኛው «ሲቪላይዜሽን» የኢትዮጵያ ጥቅል ወጣ፤ መሪው ዳግማዊ ምኒልክ፣ ልዩ ጦራቸው የኦሮሞ ፈረሰኛ። ያ ወር ምን ዓይነት ወር እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ግሩፑ ላይ የሆነውን መገመት አያቅተውም። ዜናውን ያመጣው ልጅ ለጠፈው። ሁላችንም አየነው። ለረጅም ጊዜ ማንም አልጻፈም። ከዚያ አንዱ «ከተማ ኮረብታ ላይ ከሠራህ ሳይንስና ባህል ይጨምርልሃል አሉ» አለ። ሌላው «ኮረብታ ላይ የቆመ ጦርም ይበረታል» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኮረብታ ተወራ። እንደዚያ ቀን ስለ ኮረብታ አውርቼ አላውቅም።

የሰገነት ሪፐብሊክ ሕጎች የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባንዲራ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንዳይነካ ተስማማን፤ ኮከብ አለው የለውም የሚለው ጣጣ ማንንም አልጠቀመም። የታክሲ ሰማያዊና ነጭ ይሁን ተባለ። የቴል አቪቩ «ይሄማ የእኛ ባንዲራ ነው» ብሎ ተቃወመ፤ «አይ፣ የመገናኛ–ፒያሳ ነው» ተብሎ ጸደቀ። ገንዘባችን አሞሌ ነው፤ በጨው አገር የነገደ ሕዝብ ለምን ሌላ ይፈልጋል? አሜሪካ ነቫዳ ውስጥ በአንድ ሰው ግቢ ላይ የታወጀች ሞሎሲያ የምትባል ትንሽ «ሪፐብሊክ» ገንዘቧን ከብስኩት ሊጥ ዋጋ ጋር ማሰሯን ስንሰማ እኛ ጨዋ ሰዎች መሆናችን ገባን። የዘመን አቆጣጠሩ 13 ወር ነው። ያለ አንድ ተቃውሞ ያለፈው ብቸኛ ሕግም የመጣው ከዚሁ ነው፦ በሰገነት ሪፐብሊክ የጳጉሜ ደመወዝ ይከፈላል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ለምን እንደተጨበጨበ አይጠይቀኝም።

እንደኛ ያሉ ሌሎች እንዳሉ ያወቅነው ቆይተን ነው፤ ያወቅነውም በፊልም። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ኔትፍሊክስ ስለ ሮዝ ደሴት የሚተርክ የጣሊያን ፊልም አወጣ። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ጆርጆ ሮዛ የሚባል የቦሎኛ መሐንዲስ ከሪሚኒ ከተማ ፊት ለፊት፣ ከጣሊያን የባሕር ክልል ወጣ ብሎ፣ አድሪያቲክ ላይ በብረት ምሰሶዎች የቆመ መድረክ ሠራና በ1968 ነፃ አገር ነው አለ። ስፋቱ 400 ካሬ። («ካርታ ነበረው?» አለ አንዱ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ስለ መሬት ሲሰማ ሌላ ጥያቄ አይመጣለትም።) ቴምብር አሳተመ፣ መጠጥ ቤት ከፈተ። የጣሊያን መንግሥት ግን አልሳቀም። ፖሊስ ላከ፣ ከዚያ በ1969 መጀመሪያ ላይ የባሕር ኃይሉ ፈንጂ ጠምዶ አፈራረሰው፤ የቀረውን ማዕበል ጨረሰው። ሮዛ ደግሞ የፍንዳታውን ሥዕል ቴምብር አድርጎ አወጣው። ለዚህ ሰው ያለኝን አክብሮት መግለጽ ያቅተኛል።

ጋሼ በዚህ ወሬ ላይ የራሳቸውን ጨመሩ። በ1910 እ.ኤ.አ. ጥቂት የእንግሊዝ ወጣቶች ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጺም ለጥፈው፣ ካባና ጥምጥም አድርገው፣ የሐበሻ መሳፍንት ነን ብለው ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ኩራት የሆነውን የጦር መርከብ ጎበኙ። የባሕር ኃይሉ ቀይ ምንጣፍ አነጠፈ። የኢትዮጵያ ባንዲራ ስላልነበራቸው የዛንዚባርን ሰቀሉ፣ የዛንዚባርን መዝሙር መቱ። «መሳፍንቱ» የተናገሩት ቋንቋ ትምህርት ቤት ከሸመደዱት የላቲንና የግሪክ ግጥም የተቆራረጠ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ በኋላ ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ የሆነችው ወጣት ናት። ምግብ ሲቀርብላቸው የተለጠፈው ጺም እንዳይረግፍ አልበላም አሉ። «ጾመኞች ነን ማለት አቅቷቸው ነው?» አሉ ጋሼ። እንግዲህ እኛ አገር መስለን ከመጫወታችን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሌሎች እኛን መስለው ተጫውተዋል። ከዚያም በፊት አውሮፓ ቄስ ዮሐንስ የሚባል የተረት ንጉሥ ባለጠጋ መንግሥት አልማ አልማ መጨረሻ ላይ እኛ ላይ ጭናዋለች። ሳቅንበት፤ የተቀባው ጥቁር ቀለም ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ትንሽ ቀነሰ።

ወደ ሮዝ ደሴት ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁን ችግር ያመጣብን እሱ ነው። ሮዛ ለደሴቱ የመረጠው የሥራ ቋንቋ ኤስፔራንቶ ነበር። የማንም ያልሆነ ቋንቋ። የዱባዩ ፕሬዚዳንታችን ይህን ሲያነብ ዓይኑ በራ፦ «እኛም የማንም ያልሆነ እንምረጥ። ግዕዝ!»

የቴል አቪቩ መጀመሪያ ገባ። «ለእኔ ችግር የለውም፤ የእኛም ቄሶች የሚጸልዩት በግዕዝ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የቤተ እስራኤል ጸሎት በግዕዝ ነው የኖረው። አንዱ የአራዳ ቋንቋ ይሁን አለ። ሌላው የቪዲዮ ቤት እንግሊዝኛ ይሁን አለ፣ ሦስት ቃል ብቻ ያለው። ስቲከር ተወረወረ። ከዚያ የሚኒያፖሊሷ ጻፈች። ያ የዋካንዳ ጥያቄዋ ካለፈ ወዲህ የመታወቂያ ሚኒስትር አድርገናት ነበር፤ የጻፈችውም እንደ ሚኒስትር ነው፣ በቁጥር።

አንድ፦ ግዕዝ የማንም አይደለም የምትሉት የእናንተ ስለሆነ ነው፤ አያቴ ሰምታው አታውቅም። ሁለት፦ አያቴ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ነው የምታወራው። ሦስት፦ እኔ ልጅ ሆኜ ቀበሌ ስትሄድ ይዛኝ ትሄድ ነበር። መስኮቱ ከእኔ ቁመት በላይ ነበር፤ ሠራተኛዋ የምታየኝ አያቴ ብድግ ስታደርገኝ ነው። እንደተሸከመችኝ እኔ አስተረጉማለሁ። የትውልድ ዘመን ሲባል፣ የባል ስም ሲባል፣ የሞቱ ልጆች ቁጥር ሲባል። አያቴ ስንት ልጅ እንደሞተባት ያወቅሁት እዚያ መስኮት ላይ ነው፣ ለሠራተኛዋ ስተረጉም። አራት፦ ስለዚህ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቴ የሥራ ቋንቋ አይመርጥም። መስኮቱ ላይ የሚመጣው ሰው የሚናገረውን የሚናገር ሰው ይቀመጣል። አምስት፦ መስኮቱ ዝቅ ይበል።

ይህ ነገር በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን፣ «የሥራ ቋንቋ» በሚል ርዕስ ቢነሳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ሰው ግሩፑን ይለቅ ነበር፣ አንዱ ስለ 1983 ያነሳ ነበር፣ ሌላው ከዚያ መቶ ዓመት ወደኋላ ይሄድ ነበር። ያን ሌሊት የሆነው ሌላ ነው። የውሃ ሚኒስትሩ (የሰገነቷ ባለቤት፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ መጣ አልመጣ ብሎ የሚዘግበው) የጠየቀው «ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል? ካዝናው ውስጥ አንድ አሞሌ የለም» ብሎ ነው። የዱባዩ አንድ ሰው ሦስት ቋንቋ የሚናገርበት ሆቴል ውስጥ እንዴት ፈረቃ እንደሚመደብ አስረዳ። የቴል አቪቩ እናቱ መጀመሪያ የገቡ ጊዜ መሥሪያ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ ሲጠብቁ የዋሉበትን ቀን አነሳ። ሌሊቱ ሲያልቅ አንቀጽ ነበረን፣ የቀረም ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ጨዋታ ስለሆነ፣ የሚጠፋ ነገር ስለሌለ ነው ይሉኛል። ግማሹ ልክ ነው። ግን ስቲከር ስንወራወርም የሚጠፋ ነገር አልነበረም፣ እንደዚያ ሌሊት ግን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ የማምነው ሹመቱ እንደረዳን ነው። እውነተኛው ክርክር ውስጥ ስንገባ እያንዳንዳችን የምንናገረው ከተወለድንበት ተነስተን ነው፣ አድማጩም የሚሰማው ስማችንን እንጂ ነገራችንን አይደለም። ሰገነቷ ላይ ግን አንዱ የውሃ ነው፣ አንዷ የመታወቂያ ናት፣ ሁሉም ስለ መሥሪያ ቤቱ መልስ አለበት። የመታወቂያ ሚኒስትሯ አያቷን ስታነሳ የተናገረችው ስለ መስኮት ከፍታ ነበር፤ ስለ መስኮት ከፍታ ደግሞ መልስ መስጠት ይቻላል። ጉድለቱም አለ፦ ሹመት የሌላቸው አባላት ያን ሌሊት አንዲት ቃል አልጻፉም፤ አነበቡ ብቻ።

ጠዋት ጋሼ ሁሉንም አንብበው ድምፅ ላኩ። ጋሼ ድምፅ አይልኩም፣ ይጽፋሉ። «እኛም በእናንተ ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አገር እንሠራ ነበር» አሉ። «ልዩነቱ፣ ጨዋታ ነው ብሎ የነገረን አልነበረም።» ከዚያ ሳሉና ማታ ሰንጠረዥ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ማንም ሪአክት አላደረገም፤ ምን ይደረጋል?

ከቋንቋ ቀጥሎ የመጣው አንቀጽ 39 ነው፣ መምጣቱ አይቀርም ነበር። የውሃ ሚኒስትሩ ባለቤት ልብስ የሚሰጣበት ገመድ በሰንጠረዥ ተጫዋች መያዙ ሰልችቷት ወጥ ቤቱን ገንጥላ ነፃ አገር አደረገች። ቡናም በወጥ ቤቱ በኩል ነው የሚመጣው። እኛ ራሳችን ተገንጥለን የተመሠረትን ነንና ምን አፍ አለን? እዚህ ላይ ታሎሳ የምትባለውን አነሳሁላቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ ውስጥ ሮበርት ማዲሰን የሚባል እናቱ የሞተችበት የ14 ዓመት ልጅ መኝታ ቤቱን መንግሥት ብሎ አወጀ፤ ቋንቋም ፈጠረላት። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ላይ ስትወጣ ዜጎች ጎረፉ። በ2004 ግን ከዜጎቹ ገሚሶቹ በንጉሡ ተማርረው ተገንጥለው ሪፐብሊክ መሠረቱ፤ የተዋሃዱት በ2012 ነው፣ ያም ንጉሡ ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ። ስምንት ዓመት! ስለ መኝታ ቤት! ይህን የሰማችው የወጥ ቤቱ መሪ ድርድር ጠየቀች፤ ገመዱ ከጠዋት እስከ ቀትር የእሷ፣ ከቀትር በኋላ የእኛ ሆነ። ቡናም ተመለሰ።

አሁን የያዘን ጉዳይ ሥልጣን ነው። ባለፈው ምርጫ፣ በቴሌግራም ድምፅ መስጫ፣ የመታወቂያ ሚኒስትሯ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። ቃለ መሐላ ፈጸመች። ከዚያ የመጀመሪያ አዋጇን ከላይ ልትሰካ ስትል አልቻለችም፤ አድሚን አይደለችም። የግሩፑ ባለቤት ግሩፑን የከፈተው የዱባዩ ነው፤ ምርጫ የተሸነፈ ፕሬዚዳንት፣ ግን ማንንም ማስወጣት የሚችል። ሕገ መንግሥታችን ስለ አድሚን አንድም ቃል የለውም። አንዱ መፈንቅለ መንግሥት እናድርግ አለ። ይህም ቀድሞ ተሠርቷል፦ ከእንግሊዝ ጠረፍ ወጣ ብሎ ባለ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ላይ ሮይ ቤትስ የሚባል የቀድሞ ሻለቃ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲላንድ የሚላትን አገር አቁሟል፤ በ1978 ጠቅላይ ሚኒስትር ነኝ የሚል ጀርመናዊ ሰዎች ልኮ ልጁን አግተው ምሽጉን ያዙት። ቤትስ በሄሊኮፕተር ተመልሶ አስለቀቃቸውና አንዱን ጀርመናዊ አሠረ፤ ጀርመን ለማስፈታት ዲፕሎማት ላከች፣ ቤትስም ይኸው ዕውቅና ሰጠችኝ አለ። እኛ ሄሊኮፕተር ስለሌለን በሰላማዊ ርክክብ ተስማማን።

የዱባዩ እሺ አለ፣ አስቸጋሪ ሰው አይደለም። ቴሌግራም ግን የግሩፕ ባለቤትነት ለማስተላለፍ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ከበራ ቢያንስ 7 ቀን እንዲሞላው ይጠይቃል። ያልበራ ኖሮ በቅርቡ አበራው፤ እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ደግሞ አገር ቤት ከሥልጣን የሚወርድ መሪ ጥቅማ ጥቅም እንዳለው አስታውሶ መኖሪያ ቤት፣ መኪናና ጠባቂ ይገባኛል ብሎ ደብዳቤ አስገብቷል። ተሰብስበን መኪናውን ሰረዝን፣ ጠባቂነቱን ጋሼ ተቀበሉ፣ ለመኖሪያ የጀሪካኑ ጥግ ይሰጠው ተባለ። የውሃ ሚኒስትሩ ተቃውሟል። ሐሙስ ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ ጥጉ ባዶ መሆን አለበት ይላል፤ ነገ ማታ ድምፅ እንሰጥበታለን።